ርካሹ ካርድ ስለ ምን ተሸነፈ?

ባለፈው ወር ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ፍላጎትና ስለ አቅርቦት አስተምሬ ደወሉ እንደ ተደወለ፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ተማሪ ወደ ጠረጴዛዬ ቀርቦ የተጣጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱን ስገልጠው የሁለት ዕቃዎች ስምና ዋጋ በጥንቃቄ ተጽፎበታል። ዕቃዎቹ በኮምፒዩተር ጨዋታ ለመጫወት የሚያገለግሉ፤ ሌላ ሰው የተገለገለባቸው ሁለት ግራፊክስ ካርዶች ናቸው። አንደኛው ኤንቪዲያ ከሚባለው ኩባንያ የወጣው ጂ ቲ ኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋባይት ሲሆን፤ ሁለተኛው ከተወዳዳሪው ከኤ ኤም ዲ የወጣው አር ኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋባይት ነው። የሚያስገርመው ባለ 8ቱ ከባለ 6ቱ ይልቅ መርከሱ ነው።

«መምህር» አለኝ፤ «ዛሬ እንዳስተማሩን ከሆነ ዋጋው የቀነሰ ዕቃ ብዙ ገዢ ያገኛል። ጓደኞቼ ግን ሁሉም የያዙት ውዱን ነው። ርካሹ የረከሰው ጉድለት ቢኖርበት ይሆን?»

ገንዘቡ የራሱ አልነበረም። ታላቅ እኅቱ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ ነው። ከወር ደመወዟ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰች አጠራቅማ፤ ወንድሟ በፈተና ጥሩ ውጤት ቢያመጣ ልትገዛለት ቃል ገብታለታለች። እርሱም ቃሉን ጠብቆ ውጤቱን አምጥቷል። እንግዲህ የተሳሳተ ዕቃ ቢገዛ ሌላ የሚገዛበት ገንዘብ የለም።

እኔም ወዲያው መልስ ለመስጠት አልቻልሁም። በመማሪያ መጽሐፋችን ላይ የተሣለው የፍላጎት መስመር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ዋጋ ሲቀንስ ገዢ ይጨምራል ይላል። የግራፊክስ ካርድ ገበያ ግን ለዚህ ሕግ አንዳንድ ጊዜ ሲታዘዝ፤ አንዳንድ ጊዜም ሲያምፅ ታይቷል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ተነሣሁ፤ ያገኘሁትም ስለ ጨዋታ ምንም ግድ ለሌለው፤ ነገር ግን በወር ደመወዙ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት መስሎ ስለ ታየኝ ለአንባቢዎች አቀርበዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅልኝ።

ካርዱ ምን ይሠራል?

ግራፊክስ ካርድ ማለት በኮምፒዩተር ሣጥን ውስጥ ተሰክቶ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሥዕል የሚሥል መሣሪያ ነው። የኮምፒዩተር ጨዋታ እንደ ሲኒማ አስቀድሞ የተነሣ ፊልም አይደለም። ተጫዋቹ ፊቱን ወደ ቀኝ ቢያዞር በቀኝ ያለው ዓለም፤ ወደ ግራ ቢያዞር በግራ ያለው ዓለም በዚያችው ቅጽበት አዲስ መሣል አለበት። አንድ የተለመደ ስክሪን በአግድም 1,920፣ በቁመት 1,080 ነጥቦች አሉት፤ ይህም በጠቅላላው 2,073,600 ነጥብ ይሆናል። ሥዕሉ ሳይቆራረጥ እንዲታይ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይታደስ ብንል፤ ካርዱ በየሴኮንዱ ከ124 ሚሊዮን የሚበልጡ ነጥቦችን ቀለም እያሰላ ያስቀምጣል ማለት ነው። ለዚህም ሲባል በውስጡ ቀላል ሒሳብ በአንድነት የሚሠሩ በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ አስሊዎች አሉበት።

የዚህ ገበያ ጌቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በ1993 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የተቋቋመውና ካርዶቹን «ጂፎርስ» ብሎ የሚጠራው ኤንቪዲያ ነው። ሁለተኛው «ሬይዲዮን» የሚባሉትን ካርዶች የሚያወጣው ኤ ኤም ዲ ሲሆን፤ ይህን ሙያ ያገኘው በ1985 ዓ.ም. በካናዳ የተቋቋመውን ኤ ቲ አይ የተባለውን ኩባንያ በ2006 ዓ.ም. በ5.4 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ነው። በ2022 ዓ.ም. ደግሞ ኢንቴል «አርክ» በሚል ስም ሦስተኛ ሆኖ ገብቷል።

ሁለቱ ታላላቆች ቺፑን ይነድፋሉ እንጂ ዛሬ የራሳቸው የቺፕ ፋብሪካ የላቸውም። አብዛኛውን የሚያመርትላቸው በታይዋን የሚገኘው ቲ ኤስ ኤም ሲ ነው። ቺፑን በካርድ ላይ አድርገው ለሱቅ የሚያቀርቡትም አብዛኛውን ጊዜ እንደ አሱስ፣ እንደ ኤም ኤስ አይ፣ እንደ ጊጋባይት ያሉ ሌሎች ድርጅቶች ናቸው። ይህን ማወቅ የሚያስፈልገን በኋላ ለምንናገረው ነው፤ ይኸውም ኤንቪዲያም ሆነ ኤ ኤም ዲ የሚያውጁት ዋጋ ለባለ ሱቁ ምክር እንጂ ትእዛዝ አለመሆኑን ለመረዳት ነው።

የሰኔ 2008 ድንጋጤ

በመጀመሪያ ዋጋ ያሸነፈበትን ጊዜ እንመልከት። በሰኔ ወር 2008 ዓ.ም. ኤንቪዲያ ሁለት ካርዶች አወጣ። ትልቁ ጂ ቲ ኤክስ 280 በ649 ዶላር፤ ታናሹ ጂ ቲ ኤክስ 260 በ399 ዶላር እንዲሸጥ ታወጀ። በዚያን ጊዜ ከእነርሱ የሚበልጥ ባለ አንድ ቺፕ ካርድ በገበያ ላይ ስላልነበረ ኩባንያው ዋጋውን እንደ ልቡ የቆረጠ ይመስል ነበር።

ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ኤ ኤም ዲ ሬይዲዮን ኤች ዲ 4850ን በ199 ዶላር፤ ኤች ዲ 4870ን በ299 ዶላር ይዞ ብቅ አለ። የ299ኙ ካርድ ከ399ኙ የኤንቪዲያ ካርድ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚተካከል ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ገዢው የመቶ ዶላር ልዩነቱን ስለ ምን ይክፈል? ኤንቪዲያም አንድ ወር ያህል ሳይቆይ የ649ኙን ወደ 499፤ የ399ኙን ወደ 299 ዶላር ለማውረድ ተገደደ። ቸኩለው በመጀመሪያው ዋጋ የገዙ ሰዎች ስለ ተማረሩ፤ አንዳንድ ካርድ አቅራቢዎች ልዩነቱን እስከ መመለስ ደርሰዋል።

ኤ ኤም ዲ ይህን ያደረገው በቸርነት ወይም ለኪሳራ ቈርጦ አልነበረም። ምሥጢሩ በቺፑ ስፋት ላይ ነው። የኤንቪዲያ ቺፕ 576 ካሬ ሚሊሜትር ሲሆን የኤ ኤም ዲ ቺፕ 256 ካሬ ሚሊሜትር ብቻ ነበረ። ቺፖች የሚሠሩት ከሲሊኮን በተዘጋጀ ክብ ሰሌዳ ላይ ነው። ነገሩ በምጣድ ላይ እንጀራ ከመጋገር ይልቅ፤ የተጋገረውን እንጀራ ቈራርሶ ከማደል ጋር ይመሳሰላል። ቁራሹ ሰፊ ሲሆን ከአንድ ሰሌዳ የሚወጣው ጥቂት ነው። በሰሌዳውም ላይ አንዲት ነቁጥ ጉድለት ብትገኝ ሰፊውን ቁራሽ ይዛው ትበላሻለች። ትንሽ ቺፕ የነደፈው ኩባንያ በ299 ዶላር ሸጦ ሲያተርፍ፤ ሰፊ ቺፕ የነደፈው በዚያው ዋጋ ሲሸጥ ትርፉ ይሳሳል። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የኤ ኤም ዲ ድርሻ በገበያው እያደገ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው ነገር፤ የዋጋ ቅናሽ ገበያ የሚያናውጠው ልዩነቱ ግልጥ፣ ዕቃው የሚተካከል፣ ጊዜውም የተመቸ ሲሆን መሆኑን ነው። ሦስቱ በአንድነት ካልተገናኙ ምን እንደሚሆን የሚቀጥለው ታሪክ ያስረዳል።

ርካሹ ያላሸነፈበት ጊዜ

በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ኤ ኤም ዲ አር ኤክስ 480 የተባለውን ካርድ አወጣ፤ ባለ 4 ጊጋባይቱን በ199፤ ባለ 8 ጊጋባይቱን በ239 ዶላር። ኤንቪዲያም በሦስተኛው ሳምንት ጂ ቲ ኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋባይትን በ249 ዶላር አቀረበ። በሚቀጥለው ዓመት ኤ ኤም ዲ 480ን ጥቂት አሻሽሎ 580 ብሎ ሰየመው። የተማሪዬ ወረቀት ላይ የነበሩት ሁለቱ ስሞች እንግዲህ የእነዚህ ተፎካካሪዎች ስሞች ናቸው።

ቫልቭ የተባለው ኩባንያ «ስቲም» በሚባለው የጨዋታ መሸጫው በኩል፤ በፈቃዳቸው ከሚመልሱ ተጫዋቾች በየወሩ የማሽናቸውን ዓይነት እየጠየቀ ውጤቱን ያስታውቃል። በዚህ ቈጠራ ጂ ቲ ኤክስ 1060 እስከ 2022 ዓ.ም. ማለቂያ ድረስ ለበርካታ ዓመታት የአንደኛነቱን ስፍራ ይዞ ሲቆይ፤ 480ና 580 ከእርሱ እጅግ ወደ ታች ርቀው ቀሩ። በዋጋ የረከሰው፤ በማስታወሻ የበለጠው ካርድ ተሸነፈ። ስለ ምን?

አንደኛ፤ ልዩነቱ ግልጥ አልነበረም። ባለ 8 ጊጋባይቱ ከኤንቪዲያው የሚረክሰው በ10 ዶላር ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ በነበሩት ብዙ ጨዋታዎች ደግሞ የኤንቪዲያው ካርድ ጥቂት ይፈጥን ነበር። ኤሌክትሪክም የሚፈጀው ያነሰ ነው፤ 1060 በ120 ዋት ሲሠራ 480 150 ዋት ይፈልጋል።

ሁለተኛ፤ የመጀመሪያ ስም ክፉ ሆነ። 480 ገና እንደ ወጣ ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ከተወሰነለት በላይ ኤሌክትሪክ እንደሚስብ መርማሪዎች ደረሱበት። ኩባንያው በሶፍትዌር ፈጥኖ አረመው፤ ነገር ግን ሐሜት ከእርማት ይፈጥናል።

ሦስተኛ፤ የ1060 ቺፕ በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ገብቶ ተሸጧል። ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ኮምፒዩተሩን እንጂ ካርዱን ለይቶ አይመርጥም፤ የፋብሪካው ምርጫ የእርሱ ምርጫ ሆኖ ይቈጠራል።

አራተኛ፤ በ2017 ዓ.ም. ኢቴሪየም የተባለውን የዲጂታል ገንዘብ በኮምፒዩተር ሒሳብ የሚያገኙ ሰዎች የኤ ኤም ዲን ካርዶች ከሱቅ እየጠረጉ ወሰዷቸው። ለዚያ ሥራ እጅግ ተስማሚ ነበሩና ዋጋቸው ከታወጀው በላይ ወጣ። ለተጫዋች የታሰበው ርካሽ ዋጋ በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ።

አምስተኛው ምክንያት ግን ከሁሉ የረቀቀ ነው። 480 በወጣ ጊዜ በሜዳው ላይ ከሁሉ የሚፈጥነው ባለ አንድ ቺፕ ካርድ የኤንቪዲያው የ599 ዶላር ጂ ቲ ኤክስ 1080 ነበረ፤ ኤ ኤም ዲም ለእርሱ ተወዳዳሪ ሳያቀርብ እስከ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። የ599 ዶላር ካርድ የሚገዛው ሰው ጥቂት ነው፤ ዝናው ግን ለታናናሾቹ ወንድሞቹ ይተርፋል። የሩጫ አሸናፊ ያፈራ መንደር ልጆቹ ሁሉ ሯጮች እንደሚመስሉ ሁሉ፤ ትልቁን ካርድ ያላየ ገዢ በትልቁ ስም ትንሹን ይገዛል።

በዚህ ላይ የሶፍትዌር ነገር ይጨመራል። ኤንቪዲያ በ2007 ዓ.ም. ኩዳ የተባለውን የፕሮግራም መሥሪያ አውጥቶ፤ ካርዱ ከጨዋታ ሌላ ለምርምርና ለምሕንድስና ሒሳብ እንዲያገለግል አደረገ። ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮም ዲ ኤል ኤስ ኤስ በሚባል ዘዴ ካርዱ በአነስተኛ መጠን የሣለውን ሥዕል አጉልቶና አጥርቶ የሚያሳይበትን መንገድ አመጣ። ኤ ኤም ዲ ተመሳሳይ ዘዴዎችን እያዘጋጀ ቢከተልም ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ሆኖ ደረሰ። ስለዚህ ገዢው በዋጋው ላይ የሚጨምረው ገንዘብ ሁሉ ለከንቱ ስም ነው ማለት አይቻልም፤ ከፊሉ ለእውነተኛ ጥቅም ነው። ጥያቄው ያ ጥቅም ለዚያ ገዢ ያስፈልገዋል ወይ? የሚለው ነው።

በወረቀት ያለ ዋጋና በእጅ ያለ ዋጋ

በመስከረም 2020 ዓ.ም. ኤንቪዲያ አር ቲ ኤክስ 3080ን በ699 ዶላር ሲያውጅ ብዙ ሰው ዋጋው መልካም ነው ብሎ አመሰገነ። ነገር ግን ካርዱ በሱቅ አልተገኘም። በወረርሽኙ ምክንያት ሰው ሁሉ ቤቱ ውሎ ኮምፒዩተር ይፈልግ ነበር፤ ፋብሪካዎች ትእዛዙን ሊያደርሱ አልቻሉም፤ የዲጂታል ገንዘብ ፈላጊዎችም እንደገና ተነሡ። አየር በአየር የሚነግዱ ሰዎች በኮምፒዩተር ፕሮግራም አማካይነት ካርዱን ሱቅ በገባ ቅጽበት እየገዙ፤ በ2021 ዓ.ም. ከታወጀው ዋጋ እጥፍና ከዚያም በላይ ሸጡት።

በዚህ ወቅት የዋጋ ፉክክር የሚባል ነገር ትርጉሙን አጣ። ሰው የሚገዛው የወደደውን ወይም የረከሰውን ሳይሆን ያገኘውን ሆነ። ችግሩ የተቃለለው የቺፕ አቅርቦቱ እየተሻሻለ ሄዶ፤ ኢቴሪየም በመስከረም 2022 ዓ.ም. አሠራሩን ለውጦ ካርዶች ሳያስፈልጉት ሲቀሩ ነው። ከዚያ በኋላ ያገለገሉ ካርዶች በብዛት ወደ ገበያ ጐረፉ፤ ዋጋም ወረደ። ያገለገለ ካርድ ለሚገዛ ሰው ግን አንድ ጥርጣሬ ተወለት፤ ይህ ካርድ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ሲደክም የኖረ ይሆን?

የኛንም አገር ገዢ የሚነካው ነገር እዚህ ላይ ነው። በሐምሌ 2024 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፤ በባንክ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በ2023 ዓ.ም. በ299 ዶላር የወጣው አር ቲ ኤክስ 4060፤ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ፤ በፊተኛው ምንዛሪ 17,000 ብር ያህል ነበረ። በ100 ብር ምንዛሪ 29,900 ብር ይሆናል። በአሜሪካ አንዲት ሳንቲም ሳይጨመርበት ለአዲስ አበባው ተማሪ ሌላ ዕቃ ሆነበት።

የደረጃው ብልኀት

ሻጮች ዋጋ ሲቈርጡ የሚያስቡት ተወዳዳሪያቸውን ብቻ አይደለም፤ የገዢውንም ልብ ያጠናሉ። በታኅሣሥ 2022 ዓ.ም. ኤ ኤም ዲ ሁለት ካርዶች አወጣ፤ አር ኤክስ 7900 ኤክስ ቲን በ899 ዶላር፤ የሚበልጠውን 7900 ኤክስ ቲ ኤክስን በ999 ዶላር። 899 ዶላር ለማውጣት የቈረጠ ሰው መቶ ጨምሮ የሚበልጠውን ለመግዛት ይፈተናል። ታናሹ ካርድ ለመሸጥ ሳይሆን ታላቁን ለማሳመር የተቀመጠ እስኪመስል ድረስ ገዢዎች ሸሹት፤ ዋጋውም በሚቀጥሉት ወራት እየወረደ ሄደ።

ኤንቪዲያም በዚያው ዓመት ተሰናክሏል። አር ቲ ኤክስ 4080 በሚል ስም ሁለት ካርዶችን አወጀ፤ ባለ 16 ጊጋባይቱ 1,199 ዶላር፤ ባለ 12 ጊጋባይቱ 899 ዶላር። ታናሹ በማስታወሻ ብቻ ሳይሆን በቺፑም የተለየ ስለ ነበረ፤ ስሙ ያታልላል የሚል ቅሬታ በረታ። ኩባንያው በጥቅምት ወር ሳይሸጠው ሠረዘውና፤ በጥር 2023 ዓ.ም. አር ቲ ኤክስ 4070 ቲ አይ ብሎ በ799 ዶላር መለሰው። ባለ 1,199 ዶላሩም ቢሆን ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ስለ ታየ፤ በጥር 2024 ዓ.ም. ተተኪው 4080 ሱፐር በ999 ዶላር ወጣ። ስለዚህ ስመ ጥሩም ኩባንያ ቢሆን ገዢው እጁን ሲሰበስብ ዋጋውን ያወርዳል ማለት ነው።

በእውነት ብዙኃኑ የሚገዛው ካርድ የትኛው እንደ ሆነ ከተጠየቀ፤ ከ1060 በኋላ በስቲም ቈጠራ የመጀመሪያውን ስፍራ የያዙትን መመልከት ይበቃል። 1650 ሲወጣ 149 ዶላር፤ 3060 329 ዶላር፤ 4060 299 ዶላር ነበሩ። በጋዜጣ ስሙ ይነሣ የነበረው የ1,599 ዶላሩ 4090 ነው፤ በየቤቱ የነበረው ግን የ300 ዶላሩ ነው። ዝናን የሚያመጣው ውዱ ሲሆን፤ ዝናውን ወደ ገንዘብ የሚለውጠው መካከለኛው ነው።

የገዢውም ጥፋት አለ

አሁን ደግሞ እኛ ገዢዎች ስለምንሠራው ስሕተት እንናገር። ብዙ ሰው ኤ ኤም ዲ ዋጋ እንዲቀንስ አጥብቆ ይመኛል። ሲቀንስም ደስ ይለዋል። ከዚያ በኋላ ኤንቪዲያ በተራው እስኪቀንስ ይጠብቅና ኤንቪዲያን ይገዛል። ይህ ከአንድ ሰው ኪስ አንጻር ሲታይ ብልኀት ነው። ሁሉም እንዲህ ካደረገ ግን፤ ዋጋ የቀነሰው ኩባንያ ትርፉንም ገዢውንም አጥቶ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለመቀነስ ምክንያት ያጣል።

ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። በገበያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዝሆኖቹ ሲጣሉ ሣሩ ይለመልማል፤ አንደኛው ሜዳውን ለቆ ሲሄድ ነው ሣሩ የሚረገጠው።

ይህም ባዶ ፍርሃት አይደለም። ኤንቪዲያ በጥር 2022 ዓ.ም. በተዘጋው የሒሳብ ዓመት ካገኘው 26.9 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 12.5 ቢሊዮን ያህሉ ከጨዋታ ካርዶች የመጣ ነበር። በጥር 2025 ዓ.ም. በተዘጋው ዓመት ግን ጠቅላላ ገቢው 130.5 ቢሊዮን ሲደርስ፤ ከጨዋታ የመጣው 11.4 ቢሊዮን ግድም ብቻ ሆነ። የቀረው አብዛኛው ሰው ሠራሽ አእምሮ ለሚያሠለጥኑ ታላላቅ የኮምፒዩተር ማዕከሎች የተሸጠ ነው። ከመቶው እጅ ዘጠኙን እንኳ የማይሞላ ገበያ እንደ ቀድሞው ተወዳጅ ልጅ ሆኖ ይኖራል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ስለዚህ የጨዋታ ገዢው መከላከያ የኩባንያ ፍቅር ሳይሆን የተወዳዳሪ መኖር ነው።

ኤ ኤም ዲ በ2024 ዓ.ም. ከሁሉ የሚበልጠውን ካርድ ማሳደድ ትቶ ብዙ ገዢ ማግኘትን እንደሚያስቀድም በኃላፊው በጃክ ሁዊን አፍ አስታወቀ። በመጋቢት 2025 ዓ.ም. አር ኤክስ 9070 ኤክስ ቲን በ599 ዶላር አወጣ፤ ተቀራራቢ ፍጥነት ያለው የኤንቪዲያው 5070 ቲ አይ 749 ዶላር ነበረ። ልዩነቱ ግልጥ ስለ ሆነ ካርዱ በወጣበት ቀን ገዢ ተሻማበት። ወዲያው ግን ብዙ ሱቆች ከ599 በላይ ይጠይቁበት ጀመር። ኢንቴልም በታኅሣሥ 2024 ዓ.ም. ባለ 12 ጊጋባይቱን ቢ 580 በ249 ዶላር ሲያወጣ እንዲሁ ፈጥኖ አልቆ ነበር። እንግዲህ ሰው ርካሽ ዕቃ አይፈልግም የሚባለው ሐሰት ነው። ሰው የሚፈልገው የሚተማመንበትን ርካሽ ነው፤ እርሱንም በታወጀው ዋጋ ከሱቅ ሲያገኘው ነው።

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ

ይህን ሁሉ ካጠናሁ በኋላ ተማሪዬን አስጠርቼ፤ «የረከሰው ጉድለት ስላለበት ነው ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። የረከሰበት ዋናው ምክንያት የሚፈልገው ሰው ማነሱ ነው፤ የሚፈልገው ሰው ያነሰበትም ምክንያት በከፊል እውነት፣ በከፊል ዝና ነው። አሁን ሦስት ነገር መርምር» አልሁት። አንደኛ፤ አንተ በምትጫወታቸው ጨዋታዎችና በምትሠራው ሥራ የትኛው ይሻላል? ሁለተኛ፤ ለኮምፒዩተርህ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ካርዱን ይችለዋል ወይ? 1060 120 ዋት ሲበቃው 580 185 ዋት ይፈልጋልና። ሦስተኛ፤ ካርዱ ሲሠራ በዐይንህ ሳታይ ገንዘብ እንዳትከፍል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የሆነውን ነገረኝ። መጀመሪያ ያየው 580፤ ሻጩ ጨዋታ ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ሲያሠራው ማራገቢያው ይንቋቋ፤ ሥዕሉም ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ሻጩ ዋጋ ልቀንስልህ ቢለውም ትቶት ሄደ። ሁለተኛው ደኅና ሆኖ ስላገኘው ገዛው። ነገር ግን የቆየው ፓወር ሰፕላይ ስለማይችለው፤ ከ1060 ዋጋ የተረፈውን ገንዘብ በሙሉ ለአዲስ ፓወር ሰፕላይ አዋለው።

«እንግዲያስ ምንም አላተረፍሁም ማለት ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ።

«በገንዘብ አላተረፍህም፤» አልሁት፤ «ነገር ግን በዚያው ገንዘብ 2 ጊጋባይት ተጨማሪ ማስታወሻና አዲስ ፓወር ሰፕላይ አግኝተሃል። ከዚህም ሌላ በካርዱ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ሙሉው ዋጋ አለመሆኑን ዐውቀሃል።»

እኅቱ ምን እንዳለች ጠየቅሁት። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አስቈጥራ፤ ደምራ፤ ካጠራቀመችው ገንዘብ 200 ብር መትረፉን ባየች ጊዜ፤ ከጓደኞችህ ሁሉ የተለየ ዕቃ የገዛኸው ስለ ምን ነው? ብላ ጠየቀችው። እርሱም ወረቀቱን አውጥቶ ሦስቱን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አነበበላት። የቀረውን 200 ብር መልሳ ሰጠችው።

ውድ አንባቢ፤ ደመወዝህ ትንሽ ከሆነ የምትገዛው ጫማም ቢሆን፣ ስልክም ቢሆን፣ ካርድም ቢሆን፤ ዋጋውን ብቻ አይተህ አትሽሽ፤ ስሙንም ብቻ ሰምተህ አትሩጥ። የሚበዛው ሰው የገዛው ዕቃ ለሚበዛው ሰው የተስማማ ሊሆን ይችላል፤ ላንተ መስማማቱን ግን የምታውቀው ራስህ መርምረህ ነው። እንዲህ የሚመረምር ገዢ ሲበዛ የረከሰውም ኩባንያ ተስፋ ያገኛል፤ የተወደደውም ኩባንያ ዋጋውን ደግሞ ያስባል።